ብርቱካኑን ራጅ ማንሳት፦ የፍራፍሬን ውስጥ ሳይቆርጡ መመርመር

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ብርቱካን የሚገዛ ሰው ፍሬውን አንሥቶ በመዳፉ ይመዝነዋል። ከመጠኑ ቀለል ካለበት መልሶ ያስቀምጠዋል፤ ውስጡ ጭማቂ አልባ ገለባ ሊሆን ይችላልና። ራጅ የሚሠራውም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። መዳፍ የፍሬውን ጠቅላላ ክብደት ይገምታል፣ ራጅ ደግሞ ክብደቱ የጎደለው በየትኛው ቦታ እንደሆነ ያሳያል። ስለዚህ ከመነሻው ይህን መያዝ ይገባል፦ ራጅ የሚያየው ጥግግትንና ውፍረትን ብቻ ነው። ጣፋጭነትን አያይም፣ የሥጋውን ቀለም አያይም፣ መብሰል አለመብሰሉንም በቀጥታ አይናገርም። ይህን የዘነጋ ሰው መቶ ምስል አንሥቶ አንድም የረባ መልስ ሳያገኝ ይቀራል።

መመሪያው ለግብርናና ለምግብ ሳይንስ ተማሪዎች እንዲሁም ፍራፍሬ ለሚሰበስቡና ለሚያሽጉ ማኅበራት የተዘጋጀ ነው። ታሳቢ የተደረገው መሣሪያ በሆስፒታል፣ በእንስሳት ሕክምና ወይም በቤተ ሙከራ የሚገኝ ተራ ዲጂታል ራጅ እንጂ በትልልቅ ማሸጊያ ፋብሪካዎች ማጓጓዣ ቀበቶ ላይ የሚገጠመው ውድ ማሽን አይደለም።

ምን ይታያል፣ ምን ይሰወራል

ፍሬ በአብዛኛው ውሃ ነው፤ ስለዚህ የውሃን ጠባይ ያወቀ የፍሬውንም ይገምታል። ጉልበቱ 30 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት የሆነ ጨረር በ1 ሳንቲ ሜትር ውሃ ውስጥ ሲያልፍ 31 ከመቶ ያህሉ ይቀነሳል። ጉልበቱ 60 ሲሆን የሚቀነሰው 19 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው። ብርቱካኑ 8 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ካለውና እንደ ውሃ ከቆጠርነው፣ በመጀመሪያው ጉልበት 5 ከመቶ፣ በሁለተኛው 19 ከመቶ ያህል ጨረር ወደ ማዶ ይደርሳል።

አሁን በብርቱካኑ ውስጥ 5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ባዶ ቦታ አለ እንበል። በ30 ጉልበት ከዚያ ቦታ ጀርባ የሚደርሰው ጨረር ከአካባቢው በ21 ከመቶ ይበልጣል፤ በ60 ግን በ11 ከመቶ ብቻ። ባዶው ቦታ 1 ሚሊ ሜትር ከሆነ ልዩነቱ ወደ 4 እና ወደ 2 ከመቶ ይወርዳል። ዝቅተኛ ኪሎ ቮልት (በመሣሪያው ላይ የሚመረጠው፣ የጨረሩን ጉልበት የሚወስነው ቮልቴጅ) ልዩነትን ያጎላል፣ ነገር ግን የሚደርሰው ጨረር ስለሚያንስ ምስሉ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። ከፍተኛው ደግሞ ጥርት ያለ ግን ሁሉም ነገር ግራጫ የሆነ ምስል ይሰጣል። የማንሳት ሥራው በሁለቱ መካከል ያለውን ልክ መፈለግ ነው።

አንድ የተለመደ ስሕተት እዚህ ላይ ይታረም። በመሣሪያው ላይ የሚነበበው 50 ኪሎ ቮልት ጣሪያው እንጂ የጨረሩ አማካይ ጉልበት አይደለም። በ50 ኪሎ ቮልት የሚነሳ ጨረር አማካይ ጉልበቱ 30 ገደማ ነው።

በየፍሬው ስንሄድ፦

ብርቱካንና መንደሪን ለራጅ ከሁሉ ይመቻሉ። ጭማቂው የነጠፈበት የብርቱካን ክፍል ከጤነኛው ይልቅ ጨረር ያሳልፋል። ልጣጩ ከሥጋው የለቀቀ መንደሪን ዙሪያውን በቀጭን ጥቁር ቀለበት ይለያል። ጥቁር ስንል በሕክምና ራጅ ልማድ ነው፦ አየር ጥቁር፣ ጥቅጥቅ ያለው ነጭ። የአንዳንድ ኢንዱስትሪ መሣሪያዎች ልማድ ተቃራኒ ስለሆነ የምትጠቀሙበትን በመዝገባችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉ።

ማንጎ አታላይ ነው። የዘሩ ቅርፊትና በውስጡ ያለው ፍሬ ነገር ጎልተው ይታያሉ፤ በሁለቱ መካከልም በጤነኛ ማንጎ ውስጥ ሳይቀር የአየር ክፍተት ሊኖር ይችላል። ጀማሪ ይህን ክፍተት የነቀዝ ጉዳት ብሎ ይመዘግበዋል። የማንጎ ዘር ነቀዝ እውነተኛ ጉዳት ጠርዙ ያልተስተካከለ፣ ከዘሩ ውስጥ የተፈለፈለ ጥቁር ቦታ ነው። ነፍሳቱ የገባበት ቀዳዳ ገና ፍሬው ሳያድግ ስለሚድን ከውጭ ምንም ምልክት ላይኖር ይችላል፤ ራጅ በማንጎ ላይ ዋጋ የሚኖረውም ለዚህ ነው። የፍራፍሬ ዝንብ እጭ ግን ሌላ ነገር ነው። እጩ ራሱ ውሃ ነው፣ የሚሄድበት መንገድም ወዲያው በጭማቂ ይሞላል፤ ውሃን ከውሃ መለየት ደግሞ አይቻልም። ከጣና ዙሪያ የመጣ የበሰለ ማንጎ ትል አለበት ወይስ የለበትም ለሚል ጥያቄ ራጅ አስተማማኝ መልስ አይሰጥም። ይሰጣል የሚል ሻጭ ቢመጣ፣ ትል ያለባቸውንና የሌለባቸውን ቀላቅላችሁ ሃያ ፍሬ ስጡትና ያሳያችሁ።

ፖም ሩብ ያህል አካሉ በሕዋሳት መካከል የተያዘ አየር ነው፤ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውም ለዚህ ነው። ይህ ለራጅ በረከት ነው። አየር በነበረበት ቦታ ፈሳሽ ሲሞላ፣ ማለትም ሥጋው ብርጭቆ መስሎ ውሃ ሲቋጥር፣ ያ ቦታ ከአካባቢው ነጣ ብሎ ይወጣል። የትል መንገድም ከፖም ሥጋ ይልቅ ጠቁሮ ይታያል። አዲስ የተመታ ቦታ ሕዋሳቱ ፈርሰው ፈሳሽ ስለሚሞላቸው መጀመሪያ ይነጣል፣ ሲደርቅ ደግሞ ይጠቁራል። በመካከሉ ፈጽሞ የማይታይባቸው ቀናት አሉ።

አቮካዶ ላይ የዘሩ መጠን፣ የዘሩ መብቀልና በዘሩ ዙሪያ የተፈጠረ ክፍተት ይታያል። ብዙ ሰው ማወቅ የሚፈልገው ግን የሥጋውን መቡነን ነው፤ እሱ የቀለም ለውጥ ስለሆነ አይታይም። ለመድረሱም ቢሆን ትንሽ የሥጋ ናሙና በምድጃ አድርቆ የደረቅ ክብደቱን ከመቶ ማስላት ከራጅ ይልቅ ርካሽም ትክክልም ነው። ሮማን ውስጡ የበሰበሰ ክፍል ካለው አንዳንድ ጊዜ ይለያል። ፓፓያ በተፈጥሮው ባዶ ሆድ ስላለው፣ ጊሽጣ ደግሞ በዘር ስለተሞላ ጀማሪ ቢተዋቸው ይሻላል። ሙዝ ላይ ጊዜ አታጥፉ።

ከራጁ በፊት ሚዛን

ማንኛውም ፍሬ ወደ ራጅ ክፍል ከመግባቱ በፊት ጥግግቱ ይለካ። የሚያስፈልገው 1 ግራም የሚለይ የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን፣ ሰፋ ያለ የፕላስቲክ ዕቃና ረጅም መርፌ ነው። ፍሬውን በደረቁ መዝኑ። ከዚያ ውሃ የያዘውን ዕቃ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ዜሮ አድርጉት። ፍሬውን በመርፌ ጫፍ ይዛችሁ፣ ታቹንም ጎኑንም ሳይነካ፣ ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ አስጥሙት። ሚዛኑ አሁን የሚያሳየው የግራም ቁጥር የፍሬው ይዘት ነው፤ በኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር። 210 ግራም የሚመዝን ብርቱካን 240 ካነበበ ጥግግቱ 0.875 ነው።

ይህ ልኬት ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ ከሚዛኑ ብቻ መልስ ካገኛችሁ ራጅ አያስፈልጋችሁም። የደረሰ ማንጎ ብዙውን ጊዜ ውሃ ውስጥ እንደሚሰምጥ፣ ያልደረሰው እንደሚንሳፈፍ ይታወቃል፤ ለዚህ ባልዲ ይበቃል። ሁለተኛ፣ ከራጁ የምታሰሉት ጥግግት ከሚዛኑ ጋር ካልተቀራረበ ስሕተቱ በምስሉ አሠራር ውስጥ እንዳለ ወዲያው ታውቃላችሁ።

ከዚህ በኋላ ፍሬውን በደንብ አድርቁት። ልጣጩ ላይ የቀረ የውሃ ጠብታ በምስሉ ላይ ክብ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይወጣል። ከማቀዝቀዣ የወጣ ፍሬም ላቡ እስኪደርቅ ሁለት ሰዓት ያህል ክፍል ውስጥ ይቆይ። ቁጥሩን ልጣጩ ላይ በማይለቅ እስክሪብቶ ጻፉ፤ ከቅርንጫፉ የተቀጠፈበትን ጫፍ በቀስት አመልክቱ።

መሣሪያውን ማዘጋጀት

በሕክምና መሣሪያ የምትሠሩ ከሆነ ማሽኑን የሚነካው ፈቃድ ያለው የራጅ ባለሙያ ነው፤ ሰዓቱም ታካሚ የሌለበት ሰዓት መሆን አለበት። ተራ የያዘ ሕመምተኛ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ ብርቱካን ራጅ ሲነሳ ማየት የለበትም። ጨረሩን ተቀብሎ ምስል በሚያወጣው ሰሌዳ ላይ ንጹሕ የፕላስቲክ ሽፋን አንጥፉ። በዚያ ሰሌዳ ላይ ያለፈ ፍሬ ወደ ሽያጭም ወደ ማዕድም አይመለስም። ምክንያቱ ጨረሩ ሳይሆን ሰሌዳው ታካሚ የሚያርፍበት መሆኑ ነው።

መነሻ ልኮቹ እነዚህ ናቸው። ጨረር ከሚያመነጨው ቱቦ እስከ ሰሌዳው ያለው ርቀት 100 ሳንቲ ሜትር ይሁን። በቱቦው ውስጥ ትንሹን የጨረር መነሻ ነጥብ ምረጡ፤ 0.6 ሚሊ ሜትር የተለመደ ነው። በትልቁ 1.2 ነጥብ ብታነሱ የ8 ሳንቲ ሜትር ፍሬ የላይኛው ጫፍ ብዥታ ከ0.05 ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር በእጥፍ ያድጋል። ጨረር የሚያጣራውን ፍርግርግ አውጡት፤ ለወፍራም የሰው አካል የተሠራ ነው፣ ለፍሬ ግን ጨረር ከማባከን ሌላ አይጠቅምም። ለሎሚና ለትንሽ ፖም 45 ኪሎ ቮልትና 2.5 ሚሊ አምፔር ሰከንድ (የጨረሩን ብዛት የሚወስነው ልክ)፣ ለብርቱካንና ለማንጎ 50 ኪሎ ቮልትና 4 ሚሊ አምፔር ሰከንድ ሞክሩ። ምስሉ ነጠብጣብ ከበዛበት ኪሎ ቮልቱን ሳትነኩ ሚሊ አምፔር ሰከንዱን እጥፍ አድርጉ፤ እጥፍ ጨረር ጥራቱን በ1.4 እጥፍ ያሻሽላል እንጂ በእጥፍ አይደለም።

ማሽኑ ጨረሩን ራሱ የሚመጥንበት አውቶማቲክ ዘዴ ይጥፋ። አውቶማቲኩ ደረቁን ብርቱካን ሲያገኝ ጨረር ይቀንሳል፣ ጭማቂ የሞላውን ሲያገኝ ይጨምራል፤ መጨረሻ ላይ ሁለቱ አንድ ዓይነት ሆነው ይወጣሉ። እናንተ የምትፈልጉትን ልዩነት ማሽኑ በትሕትና አጠፋላችሁ ማለት ነው።

ከዚህ የባሰው የምስል ማቀነባበሪያው ነው። የሕክምና ሶፍትዌር ለሐኪም ዓይን እንዲመች የእያንዳንዱን ምስል ብርሃንና ጥላ እንደገና ያስተካክላል፣ ጠርዝ ያጎላል፣ ጥቁሩን ያነጣል። እንዲህ የተቀባባ ምስል ለዓይን ያምራል፣ ለልኬት ግን ዋጋ የለውም። ባለሙያውን ያልተቀነባበረውን ጥሬ ምስል እንዲያወጣላችሁ ጠይቁ። ይህ ካልተቻለ በሙሉ ሥራው አንድ ዓይነት የምርመራ ምርጫ ብቻ፣ ለምሳሌ የእጅ መዳፍን፣ ተጠቀሙና ቁጥር ሳይሆን ቅርጽ ብቻ አንብቡ።

የጡት ራጅ መሣሪያ ከተገኘ ለሎሚ፣ ለመንደሪንና ለትንሽ ፖም ከሁሉ ይበልጣል፤ ከ25 እስከ 35 ኪሎ ቮልት ስለሚሠራ ጥቃቅን ልዩነት ያወጣል። ፍሬውን ግን በማሽኑ መጭመቂያ እንዳትጫኑት። ወፍራም ብርቱካን ላይ ደግሞ ጨረሩ ይዳከምበታል።

የጎንደር መብራትና የጎንደር ከፍታ

መብራት ሲዋዥቅ የቱቦው ኪሎ ቮልትም ሊዋዥቅ ይችላል። ከፍሬው ጀርባ የሚደርሰው ጨረር ለኪሎ ቮልት ለውጥ እጅግ ስሱ ነው፤ በ15 ከመቶ ቢጨምር ጨረሩ እጥፍ ገደማ ይሆናል። ከ50 ኪሎ ቮልት ላይ 2 ብቻ ቢዛነፍ ለውጡ 20 ከመቶ ይጠጋል፤ ከላይ ያየነው የ5 ሚሊ ሜትር ባዶ ቦታ የሚያመጣው ልዩነትም ይኸው ነው። አዳዲስ ማሽኖች ይህን ራሳቸው ያስተካክላሉ፣ አሮጌዎቹ ግን አያደርጉትም። ስለዚህ ስታብላይዘር ይኑር፣ ሥራው ምሽት ላይ ሁሉም ምጣድ ሲለኮስ አይሁን፣ በየምስሉም ጥግ ላይ መመዘኛ ደረጃ ይቀመጥ።

መመዘኛ ደረጃ ማለት እያንዳንዱ እርከን 1 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ከ1 እስከ 9 ሳንቲ ሜትር የሚወጣ የአክሪሊክ መሰላል ነው። ማስታወቂያ ሰሌዳ የሚሠሩ ቤቶች ቁርጥራጭ አክሪሊክ አያጡም፤ ቆርጦ መደራረብና ማጣበቅ ነው። አክሪሊክ የተመረጠው ጨረር የሚውጥበት መጠን ለውሃ ስለሚቀርብ ነው። በአሉሚኒየም መሥራትም ይቻላል፤ ነገር ግን በ30 ጉልበት 1 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም 8 ሚሊ ሜትር ውሃ ያህል ስለሚውጥ የደረጃው ውፍረት ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2100 ሜትር በላይ ናት። ብዙ የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች የሚመረቱት እስከ 2000 ሜትር እንዲሠሩ ታስቦ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ከፍተኛ ቮልቴጅን የመከልከል አቅሙ ይቀንሳልና። ሣጥን መሰል የቤተ ሙከራ ራጅ የምታስመጡ ከሆነ የከፍታ ጣሪያውን ከመመሪያው ላይ አንብቡ እንጂ በሻጩ ቃል አትመኑ። በአንድ ሜትር ርቀት ጨረሩ ራሱ ላይ ከፍታው የሚያመጣው ለውጥ ግን የሚጠቀስ አይደለም።

አቀማመጥ

በአንድ ጊዜ ከ6 እስከ 8 ፍሬ ይበቃል። በመካከላቸው 3 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይኑር፤ ሲጠጋጉ ከአንዱ የተበተነ ጨረር የሌላውን ጠርዝ ያደበዝዘዋል። ሰሌዳው ዳር የተቀመጠ ፍሬ ጨረር በሰያፍ ስለሚያልፍበት ቅርጹ ይጣመማል፣ ወደ መሐል ሰብስቧቸው። እንዳይንከባለሉ በስስ ስፖንጅ ቀለበት ላይ አስቀምጡ። በምንም ዓይነት ግን በእጅ ተይዞ ራጅ አይነሳም።

እያንዳንዱ ፍሬ ሁለት ጊዜ ይነሳል፤ አንዴ ቆሞ፣ አንዴ 90 ዲግሪ ተጋድሞ። ማንጎ በጠፍጣፋ ጎኑና በጠርዙ ይነሳል። የአንድ አቅጣጫ ምስል ሁሉን ነገር ስለሚደራርብ ከፊት ያለ ባዶ ቦታና ከኋላ ያለ ወፍራም ልጣጭ ተጣፍተው ምንም እንደሌለ ሊያስመስሉ ይችላሉ። ቁጥሩ በምስሉ ላይ እንዲታይ የብየዳ ሽቦ በፊደል ቅርጽ አጥፋችሁ ከፍሬው ጎን አስቀምጡ፤ በእስክሪብቶ የተጻፈው በራጅ አይወጣም።

ሌላ ጠቃሚ ዘዴ አለ። ክብ ፍሬ መሐሉ ወፍራም፣ ጠርዙ ስስ በመሆኑ የምስሉን ብርሃን ከሁሉ በላይ የሚለውጠው ቅርጹ ነው። ፍሬውን ውሃ በሞላበት ጠፍጣፋ የአክሪሊክ ሣጥን ውስጥ አስጥማችሁ ክዳን ብትጭኑበት የውጭው ቅርጽ ይጠፋና የውስጡ ልዩነት ብቻ ይቀራል። ለፖምና ለደረቅ ብርቱካን ግሩም ነው። ሣጥኑ ግን በሁለት የፕላስቲክ ከረጢት ታሽጎ አስቀድሞ ጠረጴዛ ላይ ሰዓት ያህል ይፈተን፤ ውሃ የገባበት ተቀባይ ሰሌዳ ጥገናው የፕሮጀክታችሁን በጀት ሁሉ ይበላል። ውሃውን ፈርቶ ሣጥኑን በጤፍ መሙላት ደግሞ አይጠቅምም፤ በቅንጣቶቹ መካከል ያለው አየር ምስሉን ሁሉ ነጠብጣብ ያደርገዋል።

ምስሉን ወደ ቁጥር መለወጥ

ሥራው ሲጀመርና በየግማሽ ሰዓቱ ሁለት ተጨማሪ ምስሎች አንሡ፦ ፍሬ የሌለበት ባዶ ምስል፣ እና ማሽኑ የሚፈቅድ ከሆነ ጨረር የሌለበት ጨለማ ምስል። ባዶው ምስል አንድ ወጥ አይሆንም፤ በቱቦው አሠራር ምክንያት ጨረሩ በአንዱ ወገን ይሳሳል። ስለዚህ እንዲህ አስሉ፦ ከፍሬው ምስል ላይ ጨለማውን ቀንሱ፣ ከባዶው ላይም ጨለማውን ቀንሱ፣ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍሉ፣ የተገኘውን ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም ወስዳችሁ ምልክቱን ገልብጡ። በነጻ በሚገኘው ኢሜጅጄ ሶፍትዌር ወይም በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ በጥቂት መስመር ይሠራል።

የሚወጣው ቁጥር ጨረሩ ያለፈበትን ጥግግትና ውፍረት በአንድነት ይይዛል። ከመመዘኛ ደረጃው ጋር ስታወዳድሩት ‹‹ይህ ቦታ ስንት ሳንቲ ሜትር አክሪሊክ ያህላል?›› ለሚለው መልስ ታገኛላችሁ። ብርቱካኑ በካሊፐር 8 ሳንቲ ሜትር ሆኖ መሐሉ የ6.5 ሳንቲ ሜትር ደረጃን ከመሰለ፣ እና ጤነኞቹ በ7.5 አካባቢ ካረፉ፣ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ሥጋ በአየር ተተክቷል ማለት ነው። ከመጽሐፍ የተቀዳ የውሃ ቁጥር ግን ለዚህ አትጠቀሙ። ጨረሩ በፍሬው ውስጥ ሲጓዝ ደካማው ክፍል አስቀድሞ ስለሚዋጥ የቀረው እየጠነከረ ይሄዳል፣ በዚህም ምክንያት ወፍራም ፍሬ ከእውነቱ ይልቅ የሳሳ ይመስላል። በዚያው ምስል ላይ ያለው ደረጃ ይህን ስሕተት አብሮ ስለሚሸከም ያርመዋል።

ቢላዋው የመጨረሻ ዳኛ ነው

ምስል አንባቢውና ፍሬ ቆራጩ አንድ ሰው መሆን የለባቸውም። አንባቢው ምስሎቹን አይቶ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጥና ወረቀቱን ያስረክባል፤ ቆራጩ ነጥቡን ሳያይ ይቆርጣል። መቁረጡ በዚያው ቀን ይሁን፤ ፖም ላይ ያለ ምት ወይም የተቋጠረ ውሃ ሲያድር ይለወጣል። ስለት ያለው ቢላዋ ተጠቀሙ፣ የምትቆርጡትም ምስሉ በተነሳበት ገጽ ልክ ነው። ፍሬውን በወርዱ ቆርጦ በቁመቱ ከተነሳ ምስል ጋር ማወዳደር በዚህ ሥራ ከሁሉ የበዛው ጥፋት ነው። የተቆረጠውን ገጽ ማስመሪያና ቁጥር አጠገቡ አድርጋችሁ ፎቶ አንሡ። ከጭማቂው ጠብታ ወስዳችሁ በሪፍራክቶሜትር ብሪክሱን (የስኳር መጠኑን) ለኩ፤ ራጁ ስለ ጣፋጭነት ምንም እንደማያውቅ በራሳችሁ ቁጥር ታረጋግጣላችሁ።

ቢያንስ 60 ፍሬ፣ ከነዚህም 20 ያህሉ ጉዳት ያለባቸው ያስፈልጋሉ። ከገበያ በዘፈቀደ የተገዛ ብርቱካን አብዛኛው ደህና ስለሚሆን፣ በሚዛን ቀላል የወጡትን ሆን ብሎ መጨመር ይቻላል። ያኔ ግን ‹‹ከገበያው ብርቱካን ይህን ያህሉ ደረቅ ነው›› ብሎ መጻፍ አይቻልም፤ ናሙናው ተመርጧልና።

ውጤቱ እንዲህ ይነበባል። ለምሳሌ ከ100 ብርቱካን 20ው ደረቅ ቢሆኑና አንባቢው 24ቱን ‹‹ደረቅ›› ቢል፣ ከነዚህም 16ቱ በእርግጥ ደረቅ ቢሆኑ፣ ከደረቆቹ 80 ከመቶው ተይዘዋል፤ 8 ደህና ፍሬ ግን ያለ ጥፋቱ ተጥሏል። ካለፉት 76 ውስጥ 4 ደረቅ አሉ፤ ስለዚህ ደረቁ ከ20 ወደ 5 ከመቶ ገደማ ወረደ። ይህ ያዋጣል ወይ የሚለውን የሚመልሰው የዕለቱ ዋጋ ነው። ለጁስ ቤት በኪሎ የሚሸጥ ነጋዴ ስምንት ደህና ብርቱካን መጣል አያዋጣውም። አንድ መጥፎ ካርቶን ሙሉ ጭነት ለሚያስመልስበት ላኪ ግን ሊያዋጣው ይችላል።

ጨረሩና ሰው

የራጅ ምንጭ ያለ ፈቃድ መያዝም ሆነ ማሠራት በሕግ የተከለከለ ነው፤ ከአሮጌ ማሽን ቱቦ ፈትቶ በቤት ለመገጣጠም የሚሞክር ካለ በሕይወቱ ይጫወታል። በሥራው ላይ ያለ ሁሉ የጨረር መለኪያ ባጅ ይልበስ። ዓለም አቀፉ ወሰን ለባለሙያ በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊ ሲቨርት (ሰው የሚቀበለው የጨረር መጠን መለኪያ)፣ ለሌላው ሰው 1 ሚሊ ሲቨርት ነው። ተማሪዎች በሁለተኛው ወሰን እንደሚታዩ አስባችሁ ሥሩ። ሲነሳ ሁሉም ከመከለያው ጀርባ ወይም ከክፍሉ ውጭ ይሁን፣ በሩም ይዘጋ። የእርሳስ ሽርጥ መልበስ ክፍሉ ውስጥ ለመቆም ፈቃድ አይደለም። ርቀት እጥፍ ሲሆን ጨረሩ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ከዚህ የረከሰ መከላከያ የለም።

ፍሬው ራሱ ራዲዮአክቲቭ አይሆንም። በአንድ ማንሳት የሚያገኘው ከ1 ሚሊ ግሬይ በእጅጉ ያነሰ ነው (ግሬይ አንድ ነገር የሚውጠው የጨረር መጠን መለኪያ ነው)። በአውሮፓ ሕግ ለምግብ መፈተሻ መሣሪያ የተፈቀደው ጣሪያ 0.5 ግሬይ ሲሆን፣ በዓለም አቀፍ የኳራንቲን ደረጃ የፍራፍሬ ዝንብን ለማምከን የተቀመጠው 150 ግሬይ ነው። ገበሬ ወይም ነጋዴ ‹‹ፍሬዬን አበላሻችሁት›› ቢል እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጡለት።

የሲቲ ስካን ነገር

ሲቲ ፍሬውን በስስ ቁራጭ ስለሚያሳይ የመደራረብ ችግር የለበትም። የውሃ ልኩ 0፣ የአየር ልኩ ከዜሮ በታች 1000 ስለሆነ ቁጥሩ በቀጥታ ይነበባል፤ ጤነኛ ፖም በውስጡ ባለው አየር ምክንያት ከ0 በጣም ዝቅ ብሎ ይገኛል፣ ውሃ የቋጠረው ክፍል ደግሞ ወደ 0 ይጠጋል። አንድ ካርቶን ፍሬ በአንድ ዙር ያልፋል። ነገር ግን የሆስፒታል ሲቲ ወረፋው ረጅም፣ ቱቦውም ውድ ነው። ተራው ራጅ ግልጽ መልስ ያልሰጠባቸውን አሥር ፍሬዎች ለይቶ ለእነሱ ብቻ መጠየቅ ይበቃል።

ሲበላሽ

ሁሉም ምስል አንድ ግራጫ ከሆነ ወይ ኪሎ ቮልቱ በዝቷል፣ ወይ የተቀነባበረ ምስል ደርሷችኋል። በምስሎቹ ሁሉ በአንድ ቦታ የሚደጋገም ነጥብ ካለ እሱ የፍሬው ሳይሆን የሰሌዳው ወይም የፕላስቲክ ሽፋኑ ነው፤ ሽፋኑን ቀይሩና ባዶውን እንደገና አንሡ። የአንዱ ወገን ፍሬዎች ሁሉ ደረቅ መስለው ከወጡ ባዶው ምስል አልተካፈለም። ከሰዓት በኋላ የተነሱት ከጠዋቶቹ ከተለዩ የመመዘኛ ደረጃውን ቁጥሮች አመሳክሩ፤ ደረጃው ራሱ ከተለወጠ ጥፋቱ የመብራቱ ወይም የማሽኑ ነው፣ ደረጃው ካልተለወጠ ግን ፍሬው በእርግጥ ተለውጧል። ከራጁ የወጣው ጥግግት ከሚዛኑ በብዙ ከራቀ የፍሬው ውፍረት የተለካው በተሳሳተ ጎን እንደሆነ መጀመሪያ ተጠራጠሩ።

በሰኔ በማንጎ ላይ የሠራ መለያ ነጥብ (ጤነኛውን ከተጎዳው የሚለየው ልክ) ለሚቀጥለው ዓመት ማንጎ፣ ወይም ከሌላ ወረዳ ለመጣ ዝርያ፣ እንዳለ አይሠራም። የዘሩ መጠንና የልጣጩ ውፍረት ስለሚለያዩ አዲስ ጭነት በመጣ ቁጥር 30 ፍሬ አንሥቶ፣ ቆርጦ፣ ነጥቡን እንደገና ማስተካከል የሥራው አካል ነው። ጥሬ ምስሎቹን፣ የተቆረጡትን ፎቶዎችና የሚዛን መዝገቡን በአንድ የፍሬ ቁጥር አሰናስላችሁ በሁለት ቦታ አስቀምጡ።